ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ ክረምቱን ከትናንሽ ልጆች ጋር የምንውልበት አሠራር

ሰኔ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። ማርፈድ አለ፤ በፒጃማ መዋል አለ። ከዚያ ዝናቡ ይጠነክራል፣ ቤቱ ይጠብባል፣ «ዛሬ ምን እንሥራ?» የሚለው ጥያቄ ይጀመራል።

ሦስት ልጆች አሉን፤ የ8፣ የ5 እና የ2 ዓመት። እኔም ባለቤቴም ሥራ እንውላለን። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ አለች። የግል ግቢ የለንም፤ ያለን ኮሪደርና ጠባብ በረንዳ ነው። እዚህ የምጽፈው በእንዲህ ያለ ቤት አራት ክረምት ሞክረን የሠራልንን ነው። ቀናቸው መልክ ካለው፣ በቤቱ ሥራም እውነተኛ ድርሻ ካገኙ፣ ትናንሽ ልጆች ብዙ ፕሮግራም ሳይገዛላቸው ክረምቱን ደህና አድርገው ይወጡታል።

1. ሰኔ ሳያልቅ ቀኖቹን ቁጠሩ

ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ሲደመሩ 65 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 66። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ሳጥን አስምሩና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። መጀመሪያ የማይነቃነቁትን ጻፉ፤ የምዝገባ ቀን፣ ፍልሰታ፣ ቡሄ፣ የክትባት ቀጠሮ። ቀጥሎ እናንተ ቤት የምትሆኑባቸውን ቀኖች ቀለም ቀቡ። ነጭ ሆኖ የቀረው ሳጥን ሰው የሚፈለግለት ቀን ነው። ብዛቱን በዓይን ማየት በራሱ ይረዳል።

የዓመት ፈቃዳችሁን ከፋፍሉት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። እኛ በመጀመሪያው ክረምት ሁለታችንም ፈቃዳችንን አንድ ላይ ሐምሌ ውስጥ ጨረስነው። ነሐሴ ሲመጣ የቀረን ቀን አልነበረም፤ በጣም የደከምነውም ያኔ ነው። አሁን እኔ ሐምሌ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ እሱ ነሐሴ ውስጥ አንድ ሳምንት እንወስዳለን። አብረን የምናርፈው ጳጉሜን ላይ ነው።

አያት ጋ የሚላኩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናቴን የምጠይቃት ግንቦት ላይ ነው። እሷም የራሷ ማኅበርና ሐኪም ቤት አላትና።

ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ሰው ካለች ደግሞ ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእሷ ሥራ ነው የሚጨምረው። ሦስት ልጅ እየጠበቁ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ምሳ ማድረስ አይቻልም። ወይ ሥራ ይቀነስላት፣ ወይ ለሁለቱ ወር ክፍያዋ ይጨመር። እኛ ጋ እንጀራ በክረምት ከውጭ ይገዛል፤ ልብስ ማጠቡ ደግሞ የባለቤቴ ነው።

2. ቀኑን በሦስት ጉልቻ ላይ አስቀምጡ

በሰዓት የተከፋፈለ ፕሮግራም ጽፌ ለጥፌ አውቃለሁ። ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። መብራት ጠፋ፣ ውሃ መጣ፣ ትንሹ አተኮሰው፤ በቃ ፈረሰ። ድስት በሦስት ጉልቻ እንደሚቆም ቀኑም በሦስት ነገር ይቆማል።

የመጀመሪያው ቁርስ ነው። ከጠዋቱ 1፡30 ሁሉም ፊቱን ታጥቦ፣ ለብሶ ይቀመጣል። መልበሱን አትናቁት። ፒጃማ ለብሶ ያረፈደ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል።

ሁለተኛው ምሳና ከምሳ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው። 6፡30 ምሳ፤ ከ7፡00 እስከ 8፡00 የጸጥታ ሰዓት። ትንሹ ይተኛል። ትልልቆቹ ባይተኙም አልጋቸው ላይ ሆነው መጽሐፍ ያያሉ ወይም ይሥላሉ። በዚህ ሰዓት የምታግዘን ልጅም ታርፋለች። ይህ ሰዓት ሲዘለል ማታ ላይ ሁሉም ያለቅሳል።

ሦስተኛው ማታ 12፡30 ነው። ያኔ ስልኩ ተቀምጦ አብረን እንበላለን። እያንዳንዱ በቀኑ ውስጥ የሠራውን አንድ ነገር ይናገራል።

በመሀል ያለው ሰዓት ነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ አዲስ አበባ ላይ ክረምት ብዙውን ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሰማዩ ከፈት ካለ ወዲያው ውጡ። «ምሳ ከበላን በኋላ» ካላችሁ ብዙ ጊዜ አትወጡም።

3. ለእያንዳንዱ ልጅ የቤት ሥራ ድርሻ ስጡ

የምላችሁ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ባይሠራ ቤቱ የሚጎድልበት ዓይነት። የ2 ዓመቱ የታጠበ ካልሲ ከነጥንዱ ይፈልጋል፣ ማንኪያ ወደ መሳቢያ ይመልሳል። የ5 ዓመቷ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን ይዛ ጠጠር ስትፈልግ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ድምፅ የላትም። የ8 ዓመቱ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ እንጀራ ያቀርባል፣ የራሱን ካልሲ ያጥባል።

መጀመሪያ ላይ አብራችሁ ሥሩ። ሦስት ቀን ያህል ጎን ለጎን ሆናችሁ አሳዩት። በአራተኛው ቀን ለቀቅ አድርጉት። ሽንኩርቱ ላይ ልጣጭ ቢቀር ዝም በሉ፤ እያየ መልሳችሁ አትላጡት። ልጅ ሥራው ሲታረምበት ካየ ሁለተኛ አይነካውም። ገንዘብም አትክፈሉ። ማታ ወጡ ሲቀርብ «ሽንኩርቱን የላጠው እሱ ነው» ማለት ይበቃዋል።

4. የዝናቡን ሰዓት አዘጋጁት

ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ከባዱ ነው። አንድ ካርቶን አዘጋጁና «የዝናብ ካርቶን» በሉት። ዝናብ ሲጥል ብቻ ይከፈታል። የእኛ ውስጥ ያረጁ ጋዜጦች፣ የእንቁላል መያዣ፣ ክር፣ ከለር፣ የደረቀ ባቄላ፣ ክዳን፣ ያረጀ ነጠላ አለ። ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን በሳምንት ይሰለቻቸው ነበር።

የእንቁላል መያዣው ገበጣ ይሆናል። 12 ጉድጓድ ያለውን ቁረጡ፣ በእያንዳንዱ 4 ባቄላ አድርጉ፤ በድምሩ 48 ማለት ነው። የሰፈር ሰው ሁሉ የየራሱ አጨዋወት አለውና በምታውቁት ጀምሩ። ልጄ መደመርን ከደብተሩ በላይ የለመደው ከዚህ ነው። ትንሽ ልጅ ካለ ግን ባቄላው ከጨዋታው በኋላ ተቆጥሮ ይመለስ፤ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

ነጠላው ወንበር ላይ ተጥሎ ድንኳን ይሆናል። ድንኳኑ ውስጥ ተረት ተረት ይባላል፤ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። እንቆቅልሽም ለዚህ ሰዓት የተፈጠረ ነው። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ስላት ልጄ መልሱን አላወቀችም ነበር። በነጋታው ጠዋት ይዣት ወርጄ ሣሩ ላይ ጤዛ አሳየኋት። ከሥራ ስመለስ እጄን ጎትታ ወደዚያው ሣር ወሰደችኝ፤ ጤዛው የለም። እንቆቅልሿን አሁን ለሁሉም ሰው እሷ ናት የምትጠይቀው።

ከሳምንቱ አንዱን ከሰዓት ዳቦ ቆሎ ሥሩ። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ ግማሽ ስኒ ዘይት። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አድርጋችሁ እሹት። ልጆቹ በመዳፋቸው እንደ ገመድ ያድበልብሉታል፤ ትልቁ በማንኪያ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት እየነካካችሁ ቀላ እስኪል ቁሉት፤ ይህኛው የአዋቂ ሥራ ነው። በደንብ ከቀዘቀዘና በክዳን ዕቃ ከተቀመጠ ሳምንቱን ሙሉ መክሰስ ይሆናል። ለትንሹ ስለሚጠነክርበት ከሊጡ ትንሽ ቀንሳችሁ ስስ ቂጣ ጋግሩለት።

ስክሪን ቤታችን ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ለ1 ዓመት ልጅ ጨርሶ አይመከርም። እኛ አንዱን ሰዓት ከ10 እስከ 11 አድርገነዋል። በዚያ ሰዓት መብራት ከጠፋ ለነገ አይዞርም። ይህ ሕግ መጀመሪያ ላይ ለቅሶ ነበረው፤ አሁን ግን ለምደውታል።

5. ከጎረቤት ጋር የልጅ ደቦ ግቡ

ክረምታችንን የለወጠው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

በብሎካችን አራት ቤት ነን፤ ተለቅ ተለቅ ያሉት ልጆች ሰባት ናቸው። አንዷ እናት መምህር ናት፣ ክረምት ቤት ትውላለች። አንዷ ነርስ ናት፣ በፈረቃ ትሠራለች። አንዱ አባት የራሱ ሱቅ አለው። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከ3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት፣ ሁሉንም ልጆች ይቀበላል። መምህሯ ማክሰኞ፣ ነርሷ ረቡዕ፣ ባለሱቁ ሐሙስ፣ እኛ ቅዳሜ። ሦስት ሰዓት ሰጥታችሁ ዘጠኝ ሰዓት ታገኛላችሁ።

ስትጀምሩ እንዲህ አድርጉ። ሐምሌ ሳይገባ አዋቂዎቹ ብቻ ቡና ላይ ተሰብሰቡ። ልጅ ባለበት ስለ ልጅ ሕግ አይወጣም። መጀመሪያ ስለ ምግብ ተነጋገሩ። ከአራቱ ቤት አንዱ ሙስሊም ነው፣ ሁለቱ ፍልሰታን ይጾማሉ። ሥጋ ማንም ቤት ለሰው ልጅ እንዳይቀርብ ተስማማን። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ በቲማቲም የተሠራ ፓስታ፤ ይህ ሁሉንም ያግባባል። ገንዘብ አናዋጣም፤ ባለተራው ያለውን ያቀርባል።

ከዚያ ስለ ሕመም። ያተኮሰው፣ ያስመለሰው ወይም ተቅማጥ የያዘው ልጅ በዚያ ሳምንት አይመጣም። ይህን አስቀድማችሁ ካልተባባላችሁ ቅያሜ ይመጣል። ነርሷ ጎረቤታችን ያኔ ጠንከር ብላ ስለተናገረች አመሰግናታለሁ።

ከዚያ ስለ ቅጣት። ማንም የሰው ልጅ አይመታም፤ አይሳደብም። ልጅ ካስቸገረ ጨዋታው ይቆማል፣ ሲመጡ ለወላጅ ይነገራል። የወላጆች ስልክ፣ የመድኃኒትና የማይስማማ ምግብ ዝርዝር በየቤቱ በር ጀርባ ይለጠፍ። ከሥሩ 907ን ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939ን ለአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ጻፉ።

ከ3 ዓመት በታች ያሉትን አናስገባም። የእኛ ትንሹ ቤት ይቀራል። ብዙ ልጅ ባለበት ትንሽ ሕፃን መጠበቅ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

አንድ ነገር አደራ። 6 ሰዓት ማለት 6 ሰዓት ነው። ልጃችሁን ዘግይታችሁ የምትወስዱ ከሆነ ደቦው በሁለት ሳምንት ይበተናል።

6. በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጠዋት ራቅ በሉ

ብዙ ቦታ አያስፈልግም። እኛ የምንወደው አራት ኪሎን ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ድንቅነሽ እዚያ ናት። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ለብቻው ይጠበቃል። ለልጅ ዓመቱን ብትነግሩት አይገባውም። ቁመቷን ንገሩት፤ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። ሴት ልጄ 5 ዓመት ሲሆናት ልክ በዚያ ቁመት ላይ ነበረች። አጠገቧ ቆማ ተለካክታ «እኩል ነን!» አለች። ያን ቀን ሌላ ምንም ማሳየት አላስፈለገም።

እዚያው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው። ዝናብ ከቀደማችሁ መጠለያ ይሆናል። ዣንጥላ፣ ተለዋጭ ካልሲና ፌስታል ያዙ። የመክሰሱን ዋጋ ለመቆጠብ ቆሎና ሙዝ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። በቆሎ እሸት ጥብስ ግን ከመንገድ ይገዛ፤ ክረምት ያለ እሱ አይሆንም።

7. ጤናና አደጋ

እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

*ከሰል።* ቤት ለማሞቅም ሆነ ልብስ ለማድረቅ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታጭሱ። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። ቡና ካፈላችሁበት በኋላ ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጡት። ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ክፍል ውስጥ አይደር። ለብርድ ተጨማሪ ሹራብና ብርድ ልብስ ይሻላል።

*ጎርፍና ጉድጓድ።* ክዳን የሌለው ቱቦ፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ የሞላ ቦይ በየሰፈሩ አለ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከልጆቹ ጋር ሰፈሩን ዞራችሁ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። «ውሃው ጥልቀቱ ካልታየ አይረገጥም» የሚለውን በቃላቸው ያዙ በሏቸው። ቤት ውስጥም ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜልና ባልዲ ሞልተን እናስቀምጣለን። ሁሉም ክዳን ይኑረው። ለ2 ዓመት ልጅ ባልዲም ጥልቅ ነው።

*የሚጠጣ ውሃ።* ክረምት ላይ ተቅማጥ ይበዛል። ውሃ አፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ተቅማጥ ከጀመረ አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በትንሽ በትንሹ በማንኪያ ስጡ። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን ድፉት። ኦአርኤሱ ቤት ከሌለ ለ1 ሊትር 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ የተደለደሉ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። የሚጠባ ከሆነ ጡት አታቋርጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳትዘገዩ ውሰዱት።

*ሳል።* ብዙው ሳል ጉንፋን ነው፤ ትኩስ ነገር ይበቃዋል። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። አተነፋፈሱ ካሰጋችሁ ሲረጋጋ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ 1 ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ያንኑ ቀን ይታይ። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

8. ልብስና ጫማ

በአጭሩ፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ክምር ከማጠብ በየቀኑ ጥቂት እጠቡ። የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ደግማችሁ ጨምቁት፤ ውሃው ግማሹ ይቀንሳል። የራሰ ጫማ ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ክተቱ፤ ማታ ለውጡት። ለልጅ የላስቲክ ቦት ከገዛችሁ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ወፍራም ካልሲ ይገባበታል።

9. ነሐሴን በበዓላቱ ተሸከሙት

ነሐሴ ላይ ልጆቹም ይሰለቻሉ፤ ዝናቡም አይሰለቸውም። በዓላቱ ግን መሀል መሀል ላይ ይመጣሉ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ትልቁ ልጃችን «እኔም እጾማለሁ» ሲል እስከ 6 ሰዓት ተስማማን። ትናንሾቹ እንደ ወትሮው ይበላሉ። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ሁሉም ይወዳል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ሙልሙል ዳቦ ከልጆቹ ጋር ለመጋገር ዱቄትና እርሾ ግዙ። ሊጡን ራሳቸው ይቅረጹት፤ ጠማማም ቢሆን ይጋገር። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ሲመጡ ዳቦውን በር ላይ የሚሰጡት የእናንተ ልጆች ይሁኑ። ብሎካችን ላይ አሁን ሁሉም ብር ነው የሚሰጠው። ብሩ ባይከፋም ዳቦው ባይቀር ደስ ይለኛል። ትልቁ ልጅ ራሱ ጨፋሪ ሆኖ ሊወጣ ከፈለገ፣ ከጓደኞቹ ጋር በብሎኩ ውስጥ፣ ሳይመሽ እንዲመለስ ተስማሙ።

10. ከነሐሴ 20 ጀምሮ ወደ ትምህርት መልሷቸው

የመኝታ ሰዓት በክረምት ሳናውቀው ይንሸራተታል። የእኛ ልጆች ማታ 4 ሰዓት ይደርሳሉ። ወደ 2 ሰዓት ለመመለስ በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ አስተኙአቸው፤ ጠዋትም በዚያው ልክ ቀስቅሷቸው። ሁለት ሰዓት ለመመለስ 16 ቀን ያህል ይፈጃል። ነሐሴ 20 የጀመረ ጳጉሜን ላይ ይደርሳል። በአንድ ሌሊት ልመልስ ያለ ግን መስከረምን በለቅሶ ይጀምራል።

ዩኒፎርሙን አስለኩ፤ ከሰኔ ወዲህ ሳያድግ የቀረ ልጅ የለም። የጠበበውን ለጎረቤት አሳልፉ፤ ለእናንተም ከትልቁ ጎረቤት ጠይቁ። ደብተር የሚሸፈንበትን አንድ ቀን ያዙ። እኛ ጋ ጳጉሜን 2 ነው። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ያን ቀን ዝናብ ከጣለ ልጆቹ ቁምጣ ለብሰው ይወርዳሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይታጠባል። ፎጣና ትኩስ ሻይ አዘጋጅታችሁ ደረጃው ላይ ጠብቋቸው።

ጳጉሜን 4 የዝናቡን ካርቶን አውጡ። በቀረው ከለር ለመስከረም 1 የሚያድሉትን አበባ ይሣሉ። ሰባት ወረቀት ለሰባት ቤት፤ አንዱን ለአያት አስቀሩ።